የኢሜይል ደኅንነት ገበያ ገና አልተዘጋም፦ ለባሕር ዳር ነጋዴዎች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር አስመጪዎች፣ የሆቴል ባለቤቶችና አስጎብኚ ድርጅቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የተነበበ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ ድርጅቶች የኢሜይል ደኅንነት ገበያ የሚያትት ሲሆን ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የዘርፉ ውድድር አብቅቶ ገበያው በማይክሮሶፍትና በጎግል እጅ ገብቷል፤ ስለዚህ ከሁለቱ በአንዱ የሚገለገል ድርጅት ስለ ተጨማሪ መከላከያ ማሰብ አይኖርበትም፤ የቀረውንም ሥጋት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈትቶታል፤ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጡት ሥርዓቶች ለባንክና ለቴሌኮም እንጂ እንደ እኛ ላለ ነጋዴ የተሠሩ አይደሉም፤ ንግዳችንም ቢሆን ወደ ቴሌግራም ተሻግሯል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ መግዛት የፈለገ ሰው ካለ ከትልቁ ኩባንያ ጋር የሦስት ዓመት ውል ገብቶ ይገላገል።

ጸሐፊው ጉዳዩን ወደ አደባባይ ማውጣታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ በከተማችን ስለዚህ ነገር በአማርኛ አስረድቶ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና። ምክራቸው ግን በአብዛኛው ስህተት ነው፣ ስህተቱም ገንዘብ የሚያስከፍል ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ የድርጅቶችን የኢሜይል አገልግሎት በመዘርጋትና በመከታተል የምሠራ ስሆን፣ የየትኛውም የደኅንነት ምርት ሻጭ ወይም ወኪል አይደለሁም። ክርክሬ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ነጋዴውን ገንዘቡን የሚያሳጣው ደብዳቤ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ፣ ገበያውን ማን እንደሚመራ ብቻ ተመልክቶ መምከር፣ ነጋዴውን በትክክል በሚጠቃበት ቦታ ላይ ያለ ጠባቂ መተው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ አብቅቷል ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሾቹን እየገዙ መሆኑን ነው። ግዢው እውነት ነው፤ ግን አዲስ አይደለም። የኢሜይል መከላከያ ከሚሠሩት ኩባንያዎች መካከል በ2007 ጎግል ፖስቲኒን በ625 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲስኮ አይረንፖርትን በ830 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ በ2008 ደግሞ ሲማንቴክ ሜሴጅላብስን በ695 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ያን ጊዜ ይህን ያየ ሰው ገበያው በሦስት ግዙፎች ተከፍሎ አለቀ ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረቱት ሌሎቹ የዘርፉ ኩባንያዎች ፕሩፍፖይንትና ማይምካስት ከእነዚያ ግዙፎች ሥር እየሾለኩ አድገው፣ የመጀመሪያው በ2021 በ12.3 ቢሊዮን ዶላር፣ ሁለተኛው በ2022 በ5.8 ቢሊዮን ዶላር ለግል ኢንቨስትመንት ድርጅቶች ተሸጡ። ገዢው ሲማንቴክ በበኩሉ የድርጅቶች ደኅንነት ክፍሉን በ2019 ለብሮድኮም ሸጧል። በ2018 የተመሠረተው አብኖርማል የተባለው ኩባንያም በ2024 የ5.1 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተገምቶለታል። የተዘጋ ገበያ ስድስት ዓመት ላልበለጠው አዲስ ተወዳዳሪ እንዲህ ያለ በር አይከፍትም።

ለጸሐፊው ክርክር የሚያግዝ፣ እርሳቸው ግን ያላነሡት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ላንሣው። ፕሩፍፖይንትን የገዛው ቶማ ብራቮ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2024 ዳርክትሬስ የተባለውን ሌላ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያም የራሱ አድርጓል። ስለዚህ በገዢው ዓይን ተፎካካሪ የሚመስሉ ሁለት ምርቶች ከጀርባ አንድ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። ይህ የባለቤትነት መጥበብ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ዋጋ ሲጨምር የሚታይ ይሆናል። ሆኖም የባለቤትነት መጥበብና የውድድር ማብቃት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሁለተኛውን መደምደም አይቻልም።

አዲሶቹ ኩባንያዎች ሊገቡ የቻሉበት ምክንያት ቴክኒካዊ ስለሆነ በጥቂቱ ላብራራው፤ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ዘልለውታልና። የቀድሞው አሠራር ጌትዌይ የሚባለው ነው፦ ወደ ድርጅቱ የሚመጣ ኢሜይል ሁሉ አስቀድሞ በመከላከያው ሰርቨር በኩል እንዲያልፍ የዶሜይኑ (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ ቀጥሎ የሚጻፈው የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም) መዝገብ ይለወጣል፤ መጥፎው እዚያው ይቀራል፣ ጥሩው ወደ ሳጥኑ ያልፋል። ድርጅቶች ፖስታቸውን ወደ ማይክሮሶፍትና ወደ ጎግል ክላውድ ሲያዛውሩ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ። አዲሶቹ ምርቶች የኢሜይሉን መንገድ ሳይነኩ በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መገናኛ) አማካይነት በቀጥታ ከሳጥኖቹ ጋር ይገናኛሉ፤ ማን ለማን እንደሚጻጻፍ፣ በምን ሰዓትና በምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚጻጻፍ ያጠናሉ፤ ከልማዱ የወጣውን ደብዳቤም ከሳጥኑ ያነሣሉ። ቼክ ፖይንት በ2021 አቫናንን የገዛው ይህን አሠራር ለማግኘት ነው።

ይህ ለባሕር ዳር ገዢ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ በከተማችን ብዙ ድርጅቶች ኢሜይላቸው ከድረ ገጻቸው ጋር በአንድ የሆስቲንግ (የሰርቨር ኪራይ) ጥቅል ውስጥ፣ ሲፓነል በሚባል ማስተዳደሪያ ላይ የሚሠራ ነው። ለማይክሮሶፍትና ለጎግል ተብለው የተሠሩት የኤፒአይ ምርቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን አይገጥሙም፤ ለዚያ የሚሆነው ጌትዌይ ነው። ስለዚህ ገበያውን የሚመራው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት ኢሜይላችን የተቀመጠው የት ነው የሚለው መመለስ አለበት። ሁለተኛ፣ የኤፒአይ ምርት የሁሉንም ሠራተኛ ደብዳቤ የማንበብ ፈቃድ ይሰጠዋል። የእንግዶቹን የፓስፖርት ቅጂ በኢሜይል የሚቀበል ሆቴል፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ኃላፊነት ያለበት መሆኑን አውቆ፣ ያ መረጃ የት አገር ሄዶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው በማይክሮሶፍት ወይም በጎግል ኢሜይል ውስጥ ያለው ጥበቃ ይበቃል ይላሉ፤ ለዚህም ጂሜይል ከአይፈለጌ መልዕክት፣ ከማስገር (በሐሰተኛ ደብዳቤ የይለፍ ቃል ከመስረቅ) እና ከቫይረስ ከ99.9 በመቶ በላይ ያግዳል የሚለውን የጎግል መግለጫ ይጠቅሳሉ። ቁጥሩን አልክድም። ነገር ግን ይህ መቶኛ የሚሰላው በጅምላ ከሚላኩት ቢሊዮን ደብዳቤዎች ነው፤ ነጋዴውን የሚያከስረው ደግሞ በጅምላ አይላክም። ለአንድ ሰው ተብሎ፣ አንድ ጊዜ፣ በእጅ ይጻፋል።

አካሄዱን በዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል። አጭበርባሪው በቅድሚያ የአስመጪውን ወይም የአቅራቢውን የሒሳብ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይሰርቃል። ከገባም በኋላ ምንም አይነካም። የሚመጡት ደብዳቤዎች ቅጂ ወደ ራሱ አድራሻ እንዲሄድ የሚያዝ ደንብ በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጥና ለሳምንታት እያነበበ ይጠብቃል። ፕሮፎርማው ደርሶ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን ፈቅዶ ክፍያ ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በዚያው የደብዳቤ ልውውጥ መካከል፣ በዚያው አጻጻፍና በዚያው ፊርማ፣ «ሒሳባችን በኦዲት ላይ ስለሆነ ክፍያውን በዚህኛው የባንክ ቁጥር ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ያስገባል። ደብዳቤው ቫይረስ የለበትም፤ የሚጫኑት ሊንክም የለበትም። አንዳንዴም የሚመጣው ከእውነተኛው የአቅራቢው ሳጥን ራሱ ነው። በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የሚገዛ አስመጪ ክፍያው በባንኮች መካከል በሰነድ ላይ ተመሥርቶ ስለሚፈጸም የተሻለ ከለላ አለው፤ ቅድሚያ ክፍያ በቲቲ (በቀጥተኛ የባንክ ሐዋላ) የሚልክ ግን ገንዘቡ አንዴ ከወጣ በኋላ ለማስመለስ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በተለይ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወራት ወረፋ ለጠበቀ ሰው ጉዳቱ ከገንዘቡም በላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣው የአቤቱታ ሪፖርት ያሳያል። በ2023 በድርጅቶች ኢሜይል ማጭበርበር ምክንያት የቀረበው ኪሣራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በ2024 ደግሞ 2.77 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2023 ሁሉም የሚያወራለት ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቃት ያደረሰው ተብሎ ለዚያው ቢሮ የተመዘገበው ቀጥተኛ ኪሣራ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የመጨረሻው አኀዝ ያልተነገሩ ጉዳቶችን እንደማያካትት ግልጽ ነው፤ ቢሆንም የልዩነቱ ስፋት ነጋዴው የትኛውን በይበልጥ መፍራት እንዳለበት ያመለክታል። ጎግልና ፌስቡክ ራሳቸው በአንድ የሊቱዌኒያ ሰው በተላኩ ሐሰተኛ የክፍያ ደረሰኞች ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈላቸው በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነው። የራሳቸው የፖስታ ማጣሪያ ለራሳቸው ያልበቃበትን ነገር ለከተማችን የጊሽ ዓባይ ሠፈር ነጋዴ ይበቃል ማለት አይቻልም።

በዚያ ላይ ግዙፍነት በራሱ ዋስትና አይደለም። በ2023 የጸደይ ወራት ከቻይና ጋር የተያያዘ የሰርጎ ገቦች ቡድን በተሰረቀ የማይክሮሶፍት ቁልፍ የ22 ድርጅቶችን፣ በጠቅላላው ከ500 በላይ ሰዎችን የኢሜይል ሳጥን ከፍቶ አንብቧል፤ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሳጥን ከእነዚህ አንዱ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ጥቃቱን መከላከል ይቻል እንደነበር ደምድሟል። ማይክሮሶፍት ራሱም በ2025 እንደ ዳርክትሬስና ኖውቢፎር ያሉ የሌሎች ኩባንያዎች ምርቶች ከራሱ መከላከያ ጋር ተቀናጅተው እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። አምራቹ ከጎኑ ሌላ ጠባቂ ሊያስቀምጥ ሲፈቅድ፣ እኛ አያስፈልግም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ግን ተጨማሪ ምርት የገዛ ሁሉ ተጠበቀ ማለቴ አይደለም። በ2023 የባራኩዳ የኢሜይል መከላከያ መሣሪያ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ሰርጎ ገቦች ለወራት ሲመላለሱ ቆይተው፣ ኩባንያው በመጨረሻ የተጠቁ ደንበኞቹ ማስተካከያውን ቢጭኑም ባይጭኑም መሣሪያውን ራሱን እንዲቀይሩ አሳስቧል። መከላከያው በራሱ የመግቢያ በር ሊሆን እንደሚችል ገዢው ማወቅ አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳዩን ጨርሶታል የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ሰው እንዲዘናጋ ያደርጋልና። ይኸው ቴክኖሎጂ በአጥቂውም እጅ አለ። ቀደም ሲል ሐሰተኛን ደብዳቤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው እንለየው ነበር፤ ሠራተኞችንም የፊደል ስህተት ፈልጉ እያልን አሠልጥነናቸዋል። ዛሬ ያ ምልክት ጠፍቷል። ጥቃቱም ቅርጹን ቀይሯል፦ ሊንኩ በኪውአር ኮድ ምስል ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፣ ሠራተኛውም ጥበቃ በሌለው የግል ስልኩ ያነሣዋል። ኢቪልፕሮክሲ እንደሚባለው ያሉ ለኪራይ የቀረቡ መሣሪያዎች ደግሞ በሠራተኛውና በእውነተኛው የመግቢያ ገጽ መካከል ቆመው፣ በስልክ የሚላከውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቁጥር እንኳ አሳልፈው ከገቡ በኋላ ክፍት የሆነውን ግንኙነት ይነጥቃሉ። ለዚህ የተሻለው መከላከያ ፓስኪ ወይም የደኅንነት ቁልፍ የሚባለው መግቢያ ነው፤ ከእውነተኛው ድረ ገጽ አድራሻ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በሐሰተኛ ገጽ ላይ አይሠራም። ቢያንስ ሒሳብ የሚይዙትና የሥርዓቱ አስተዳዳሪዎች ዛሬውኑ ወደዚህ መዛወር አለባቸው።

የእኛ ሁኔታ የራሱ ጥያቄም አለው። ከውጭ አቅራቢ የሚመጣው ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ሥራ አስኪያጅ መስሎ ለገንዘብ ያዥ የሚጻፈው በአማርኛ፣ አንዳንዴም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በአስተውሎት የሚሠራ ምርት አለኝ ሲል፣ በአማርኛ የተጻፈ የሙከራ ደብዳቤ አዘጋጅቶ በፊቱ መሞከር የገዢው መብት ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ምርቱን ማወደሳቸው አሳዝኖኛል።

የላኪ ማረጋገጫን በተመለከተ የጻፉት በቀላሉ የሚስተካከል ስህተት ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ሦስቱ ሥርዓቶች በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ የሚጻፉ መስመሮች ናቸው፤ የላይሰንስ ክፍያ የለባቸውም። የመጀመሪያው በስማችን ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው በደብዳቤው ላይ የዲጂታል ፊርማ ያኖራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። ጸሐፊው በቀን 5,000 ደብዳቤ ለሚልኩ ብቻ የተደነገገ ነው ያሉት በከፊል እውነት ነው፤ ጎግል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍትም በ2025 ለአውትሉክ አድራሻዎች ሦስቱንም በግዴታ የጠየቁት በብዛት ከሚልኩት ነው። ነገር ግን የጎግል ደንብ ለጂሜይል የሚልክ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃል። በሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል የላከው የክፍል ማረጋገጫ በእንግዳው የአይፈለጌ መልዕክት ሳጥን ውስጥ ከተገኘ በመጀመሪያ የሚመረመረው ይኸው ነው።

ዶሜይኑን ከኢትዮ ቴሌኮም የወሰደም ሆነ ከውጭ የገዛ ድርጅት ሥራውን ባለሙያ ካገዘው በአጭር ጊዜ ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያ ዲማርክን በመከታተያ ደረጃ አድርጎ የሚመጡትን ሪፖርቶች ማንበብ፣ ሕጋዊ ላኪዎቹን ሁሉ ካካተተ በኋላ ደግሞ ያላለፈው ደብዳቤ ተመላሽ ይሁን ወደሚለው ደረጃ ማሳደግ ነው። በመከታተያ ደረጃ ላይ ተረስቶ የቀረ ዲማርክ ሐሰተኛ ደብዳቤ አያግድም፤ ይህን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሥርዓቱ ወሰን እንዳለውም መናገር ተገቢ ነው፦ አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮ የተመዘገበን ተመሳሳይ ዶሜይን አያስቆምም፤ ከተጠለፈ እውነተኛ ሳጥን የሚላከውንም አያስቆምም። በነጻ ጂሜይል አድራሻ የሚነግድ ድርጅት ደግሞ የራሱ ዶሜይን ስለሌለው ከዚህ ጥበቃ ፈጽሞ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም፤ በቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለውን አድራሻ መቀየር ከየትኛውም የሶፍትዌር ግዢ በፊት ይቀድመዋል።

ስለ ቴሌግራም ብዙ ማለት አያስፈልግም። በከተማ ውስጥ ዋጋ መጠያየቁ ወደዚያ መዛወሩ እውነት ነው። የዘጌን ገዳማትና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለመጎብኘት ከአውሮፓ የሚያቅድ ቡድን፣ ፕሮፎርማ የሚልክ የዱባይ አቅራቢና ኤምባሲ ግን በኢሜይል ይጽፋሉ፤ የባንክና የጉምሩክ ሰነድም በዚሁ ይመጣል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የቢሮ መስመር ያለው ድርጅት ከውጭ ደንበኞቹ ጋር የተገናኘውም በኢሜይል ነበር።

የቀረው የሦስት ዓመቱ ውል ነው። የእነዚህ ምርቶች ዋጋ በሰውና በወር በዶላር የሚሰላ ነው። ከጁላይ 2024 መጨረሻ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር እንዳለፈ ሁላችንም አይተናል። በሰው በወር 2 ዶላር የሚያስከፍል ምርት ለ30 ሠራተኞች በዓመት 720 ዶላር ነው፤ የሦስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል 2,160 ዶላር የውጭ ምንዛሪ ማስፈቀድ ማለት ነው። ምርቱ በሦስተኛው ዓመት በዚያው ስምና በዚያው ባለቤት ስለ መኖሩም ማረጋገጫ የለም፤ በ2023 ብቻ ሲስኮ አርሞርብሎክስን ገዝቷል፣ ፕሩፍፖይንትም ቴሲያንን ለመግዛት ተስማምቷል። ጸሐፊው ራሳቸው ኩባንያዎች እየተጠቀለሉ ነው ብለው ከተነሡ በኋላ ረጅም ውል መምከራቸው ከራሳቸው ክርክር ጋር ይጋጫል።

ውድድር እስካለ ድረስ ገዢው ሊጠቀምበት ይገባል። የኤፒአይ ምርት ከሆነ ለሁለት ወይም ለሦስት ሻጮች ለአንድ ወር ያህል ደብዳቤ ሳይነኩ የመመልከት ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ፣ አሁን ካለው ማጣሪያ ያለፈውን አጠራጣሪ ደብዳቤ ማን እንዳገኘው፣ ማንስ ጤናማውን የእንግዳ ደብዳቤ በስህተት እንደከሰሰ በወረቀት ላይ ማነጻጸር ይቻላል። ውሉ የአንድ ዓመት ይሁን፤ ስንለያይ መረጃችን እንደሚሰረዝ በጽሑፍ ይካተት። ከዚህ ጎን ለጎን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ገንዘብ ያዡ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በቀድሞው ውል ላይ በተመዘገበው ቁጥር ደውሎ ከሚያውቀው ሰው ሳያረጋግጥ የቲቲ ማመልከቻውን እንዳይፈርም፣ ሥራ አስኪያጁም አስቸኩሎ እንዳያስፈርመው የሚል ደንብ በድርጅቱ ማኅተም ተረጋግጦ በሒሳብ ክፍሉ ይቀመጥ። ይህኛው የሚሸጠው ኩባንያ ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።